ቀዩ ሳንባ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ አበው። እንቁላሉ መሄዱን እንጂ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ሲደርስም ምሳው ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ እንደሚጠብቀው ተረቱ አይናገርም። ተረተኛው ይህን ሳይነግረን ያለፈው ረስቶ ይሁን አዝኖልን አይታወቅም። እዚህ የሚተረከው፣ በዚሁ አባባል ሰበብ «እንቁላል» የሚል ስም ስለ ወጣላት አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና፣ ስለ ጌታዋም ስለ አንድ ጡረተኛ የድምፅ ባለሙያ፣ እግረ መንገዱንም ስለ አንድ ኬክና ስለ ጥቂት ታጣፊ ወንበሮች ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባወራው መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ ፊታቸውን በሳሙና አረፋ ሸፍነው ጢማቸውን ይላጫሉ። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ስፋቱ ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም፤ የሚከፈተው ግን መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ግቢ ስለሆነ የቤተሰቡ ጉዳይ ሁሉ በዚያ በኩል ሳያንኳኳ ይገባል። ዕለቱ ታላቅ እህታቸው ከከተማው ማዶ አዲስ ቤት ገብተው ቤተ ዘመዱን ለምሳ የጠሩበት ነበር። እህትየው ጠረጴዛ ገዝተዋል፤ ወንበሩ ግን ገና አልመጣላቸውም። ስለዚህ ከዚህ ቤት ታጣፊ ወንበሮች በውሰት ሊወሰዱ ነው። ግቢው ውስጥ የአባወራው ልጅ፣ የልጃቸው ባልና የልጅ ልጃቸው ዕቃ ይጭናሉ። ይህችን የልጅ ልጅ ቤተሰቡ የወጣላትን ስም ትቶ «ጥያቄ» እያለ ይጠራታል፤ ምክንያቱን ለመረዳት ከእርሷ ጋር አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት ይበቃል።

«ከአባባ ጋር ማን ነው የሚሄደው?» አለች ጥያቄ።

ግቢው ዝም አለ።

«ወንበሮቹ» አለ አማችየው በመጨረሻ።

ጥያቄ ይህን አጣጥማ ሳትጨርስ ኬኩስ ከማን ጋር እንደሚሄድ ጠየቀች። «ኬኩማ ከእኛ ጋር ነው የኔ እመቤት» አላት አባቷ። «ከአባባ ጋር ከሄደ ጢም አብቅሎ ነው የሚደርሰው።»

አባወራው በቀልዱ አልተቀየሙም። አማቻቸው ባንክ የሚሠራ ደግና ሳቂታ ሰው ነው፤ ቀልዱም የተዋጣ ነበር፤ ምላጩን ከጉንጫቸው ያነሡት እንኳ ሳቅ እንዳያስቆርጣቸው ፈርተው ነው። እንደ እሾህ የወጋቸው ከቀልዱ በፊት የነበረው ዝምታ ነው። በራዲዮ ጣቢያ የድምፅ ክፍል ሲያረጁ ከተማሩት አንዱ፣ ዝምታ ሁሉ አንድ ዝምታ አለመሆኑ ነው። በሙያው ደንብ ከየቀረጻው በኋላ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ የክፍሉ ዝምታ ለብቻው ይቀረጻል፤ የአንዱ ክፍል ዝምታ በሌላው ክፍል ንግግር መሃል ቢሰነቀር ጆሮ ወዲያው ያውቀዋልና። የዛሬው የግቢ ዝምታም የማን እንደሆነ አልጠፋቸውም። ልጃቸው የቦርሳ ዚፕ እየዘጋች ነበር፤ የልጅቷ ጥያቄ ሲነሣ ዚፑ እመንገድ ላይ ቆመ። ይህች ልጅ ትንሽ ሳለች ከአባቷ ጎን ያለውን ወንበር ለእናቷ እንኳ አትለቅም ነበር። አሁን «እኔ» ማለት ስትችል ዚፕ ይዛ ቆመች፤ ባሏ ሲቀልድ ዚፑ መንገዱን ቀጠለ። ከዓመታት ወዲህ ቤተሰቡ በሄደበት ሁሉ አምስትም ይሁኑ ስድስት በአማቹ አዲስ ባለ ብር ቀለም መኪና ተጠቅጥቀው ይሄዳሉ፤ አባወራው ድስት፣ ፍራሽና ወንበር ጭነው ከኋላ ይከተላሉ። ጭነት መኪና ሆነው መሾማቸውን ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ማንም በይፋ አልነገራቸውም ነበር።

አረፋውን በፎጣ ጠርገው ሸሚዛቸውን ለበሱ። ነዳጅ ልሞላ ነው ብለው ወጡ። ግራ ጉንጫቸውን ምላጭ እንዳልነካው አላስተዋሉም።

ነገሩ እንዲገባን እንቁላል ለምን ቀርፋፋ እንደሆነች መናገር ያስፈልጋል። የፍጥነት መለኪያዋ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝታ ከቀረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። አባወራው ጆሮ ላለው ሰው መርፌ ምን ያደርግለታል ብለው አላስጠገኗትም፤ በምትኳም ከሙያቸው አንድ ሕግ አምጥተው መሪው ላይ አስቀመጡ። በራዲዮ ሕግ ከተናጋሪ ጀርባ የሚሰማ ማናቸውም ነገር፣ ሙዚቃም ይሁን ዝናብ፣ የተናጋሪውን ድምፅ መሸፈን የለበትም። ስለዚህ የሞተሩ ድምፅ መኪናው ውስጥ ከሚያወራው ሰው ድምፅ ካነሰ ፍጥነቱ ልከኛ ነው፤ እኩል ከሆነ ጥንቃቄ ይገባል፤ ከበለጠ ግን እብደት ነው። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ሲጠፋ ራሳቸው ያወራሉ፤ ለወንበሮች ብዙ ቁም ነገር ነግረዋቸዋል። ሕጉ በራሱ ክፉ አልነበረም። ዳሩ ግን መኪናዋ ዓመት በዓመት እያረጀች ድምፅዋ ሲጨምር፣ እሳቸውም ሕጉን ለማክበር ዓመት በዓመት እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ እያነሡ መጡ። ሕጉን ከባለቤታቸው በቀር የሰማ ሰው የለም፤ ባለቤታቸውም ሰምተው ረስተውታል።

ጋራዡ ከመንገዱ ጫፍ፣ በጎማ ክምርና በአንድ ጠማማ ዛፍ መሃል ነው። መካኒኩ ቀጠን ዘለግ ያለ ወጣት ነው፤ ከአንድ መኪና ሆድ ሥር እግሩን ብቻ አውጥቶ ተኝቷል። አባወራው ለእግሩ ሰላምታ ሰጡና «ፍጥነት እፈልጋለሁ» አሉ፣ ፋርማሲ ገብቶ የራስ ምታት ክኒን እንደሚጠይቅ ሰው። መካኒኩ ከነዘይቱ ወጥቶ መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ ግራ ጉንጫቸውን አየና ስለ ሁለቱም ምንም ላለመናገር ወሰነ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዶ በቀለም ቆርቆሮዎች መሃል የተቀመጠ ቀይ ነገር አወረደ። ለእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ የአየር ማጣሪያ ነው፤ ሾጣጣ፣ ዙሪያው እንደ ቀሚስ ሽንሽን፣ በሳጥን ውስጥ ሳይታሸግ በገላጣው የሚተነፍስ። አንድ ወጣት አዝዞት ኖሮ፣ ማጣሪያው ሳይደርስ ወጣቱ ሊያገባ ሲል መኪናውን ሸጠ። ሞተርም እንደ ሰው ነው፣ ካልተነፈሰ አይሮጥም ሲል መካኒኩ አስረዳ። አባወራው ማጣሪያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እንደ አራስ ልጅ አገላበጡት።

ኮፈኑ ተከፈተ። መካኒኩ የጥቁሩን ሳጥን መቆለፊያ ሽቦዎች አንድ በአንድ ፈነቀላቸው፤ ክዳኑ ሲነሣ የቆየ አቧራ ሽታ ወጣ። ከውስጡ የተገኘው የወረቀት ማጣሪያ ነጭ ነበር ቢባል ማንም አያምንም፤ አመድማ ሆኖ በእጥፋቶቹ መሃል አንድ የደረቀ ንብ፣ የእሳት ራት ክንፍና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቅጠል ይዟል። «በዚህ ነበር የምትተነፍሰው?» አሉ አባወራው፤ ድምፃቸው የታመመ ዘመድ ሳይጠይቅ የቆየ ሰው ድምፅ ነበር። መካኒኩ ሳጥኑን ከነሥሩ ፈትቶ አነሣ፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ አፍ በጨርቅ ጠረገ፤ የቀዩን ማጣሪያ አንገት በቱቦው አፍ ላይ ገፍቶ አስገባ፤ የብረት ቀለበቱን አዙሮ በካቻቢቴ አጠበቀው። የጋለ ብረት እንዳይነካው በአንዲት ድጋፍ ወደ ጎን ወጠረው፤ ከሞተሩ ክዳን የምትመጣውን ቀጭን ቱቦም አያያዘለት። በመጨረሻ ይዞ ነቀነቀው፤ ማጣሪያው አልተነቃነቀም፤ ሙሉ መኪናዋ ግን ተነቃነቀች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ እጁን እየጠረገ። «ጉልበት የሚጨምረው ጥቂት ነው። በብዛት የሚሰጠው ድምፅ ነው።»

«የኔ ልጅ» አሉ አባወራው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በድምፅ ነው።»

ዋጋው የአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋ ነበር። ሳይከራከሩ መክፈላቸው መካኒኩን ከጉንጫቸው ይበልጥ አሳሰበው። ከዚያ ቁልፉን አዞሩ፤ ነዳጅ መስጫውን ነካ አደረጉ። እንቁላል ከዚያ ቀን በፊት ስትነሣ የምታሰማው ድምፅ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሽማግሌ ሳል ነበር። አሁን ግን ከኮፈኑ ሥር ረጅም፣ ጥልቅ፣ ደረቱን የነፋ የአየር መሳብ ተሰማ፤ ሰፈሩን በአንድ ትንፋሽ ልውጥ ያለች መሰለች። ጠማማው ዛፍ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ። የአባወራው ልብ እንደ ጥጃ ፈነጨች። ደግመው ነኩት፤ ደግማ ሳበች። ሦስተኛ ጊዜ ሲነኩት ሳቅ ከአፋቸው ሳያስፈቅድ ወጣ፤ ለብቻቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መንገድ ሲወጡም የሞተሩ ድምፅ የራሳቸውን ድምፅ ገና ከመነሻው ሸፈነው። እብደት ነው፤ ስለዚህ በሕጋቸው መሠረት እግራቸውን አነሡ። አሁንም ሸፈናቸው፤ ይበልጥ አነሡ። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሞት አይቀርም ካሉ ዘንድ እንዲህ ነው እያሉ ሲበሩ፣ እንቁላል በተወለደች ቀን እንኳ እንደዚያ ቀስ ብላ ሄዳ አታውቅም።

ግቢ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ድምፁን ሰምቶ ወጣ። የሁሉም ዓይን ኮፈኑ ላይ ስለነበር ጉንጫቸውን ያየ የለም። አማቻቸው ኮፈኑን አስከፍቶ ቀዩን ነገር ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ «ሳንባ ነው» የሚል አጭር መልስ ተሰጠው። ጥያቄ ግን ዛሬ አልጠየቀችም። የኋላውን በር ከፍታ ገብታ ተቀመጠችና ከአባባ ጋር እንደምትሄድ ከውስጥ ሆና አስታወቀች። ባለቤታቸው ነጠላ ጫማቸውን በጥሩ ጫማ ሊለውጡ ጀምረው አንድ እግራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ጉድ ማን ፈቀደልህ?» አሏቸው። መልስ ሳይጠብቁ ሌላኛውን ጫማ አጥልቀው ከፊት ተቀመጡ፤ ልጅን ካበደ ሰው ጋር ብቻዋን አይልኩም። ወንበሮቹ ከፊሉ በጣራው ፖርቶ መጋላ ላይ በገመድ ታሰሩ፤ የቀሩት ከጥያቄ ጎን ተደረደሩ። ልጃቸው ኬኩን ይዛ በሁለቱ መኪኖች መሃል ቆመች፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችውና ወደ ባሏ መኪና ገባች። ይህችም ዝምታ አባወራው ዘንድ ተመዘገበች።

«አባባ፣ ቀድመን ሄደን ወንበር እንይዝልዎታለን» አለ አማችየው በመስኮት።

«ወንበሮቹ እኔ ጋ ናቸው» አሉ አባወራው።

ባለ ብር ቀለሟ መኪና ወዲያው ከዓይን ጠፋች። እንቁላል እያገሳች ተከተለች። ባለቤታቸው የበሩን መያዣ ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሞታቸውን ለማየት ሲገልጡት ግን ያዩት ሌላ ነው። አንድ ሰው የተጠቀለለ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ በእግረኛ መንገዱ ይሄዳል፤ እኩላቸው ደረሰ፤ ጎንበስ ብሎ በሐዘኔታ አያቸውና አለፋቸው። ባለቤታቸው ወደ ባላቸው ዞሩ። አባወራው አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸው እንደ ኮረዳ ዓይን እያበራ፣ ላብ በግንባራቸው ላይ ጠብ ይላል። እንዲህ ያለ ፊት ካዩባቸው ዘመን አልፎታል። ፍራሽ ተሸካሚ ቀደመን ብሎ መናገር የሚቀል ነገር አልነበረም። ስለዚህ የትዳርን ዕድሜ የሚያስረዝመውን ታላቅ ጥበብ ሠሩ፤ ዝም ብለው መያዣውን እንደገና ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከኋላ መኪኖች ተሰልፈው ክላክስ በክላክስ ሆነዋል። አባወራው፣ መቅደም ያቃተው ሰው ሁሉ ጩኸት ይወዳል ብለው ተረጎሙት።

ጥያቄ ከወንበሮቹ መሃል አንድ ነገር ጠየቀች። ሞተሩ ዋጠው። ምን አልሽ ቢሏት ባላት ጉሮሮ ሁሉ «ያ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚቀድመን?» ብላ ጮኸች። ይህን ጊዜ መኪናዋ ተፈናጥራ ወደፊት ሄደች። ጥያቄው ሲያልቅ መኪናዋም በረደች። ልጅቷ ደገመችው፤ መኪናዋም ደገመችው። ባለቤታቸው ጆሯቸው ቆመ። አንድ የተረሳ ነገር ከሩቅ ይመጣባቸው ጀመር፤ የተናጋሪ ድምፅ፣ የዝናብ ድምፅ፣ መሸፈን የሌለበት። ለማረጋገጥ ያህል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የጎረቤት ሰው እንደሚጠሩ አድርገው፣ ሽንኩርት መወደዱን ተናገሩ። እንቁላል ቀልጠፍ አለች። ቲማቲምም እንደ ሽንኩርቱ መሆኑን ከፍ ባለ ድምፅ አከሉ፤ ፍራሽ ተሸካሚውን ደረሱበት። የዘይቱን ዋጋ ሲጨምሩበት ሰውየው ወደ ኋላ ቀረ።

ባለቤታቸው ከአባወራው ጋር የተዋወቁት በስቱዲዮ ነው። የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ ለማንበብ ተቀጥረው በገቡበት ቀን፣ ከመስተዋቱ ማዶ ያልታየ ሰው የተናገራቸው የመጀመሪያ ቃል «ድምፅዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉ» የሚል ነበር። ይህ ትዝ ሲላቸው ከሆዳቸው ሳቅ መጣ። ወደ ኋላ ዞረው ጥያቄን ዘፈን ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። ታውቃለች፤ ከትምህርት ቤት የመጣ፣ ስለ አንዲት ዝናብ ስለምትፈራ እንቁራሪት የሚዘፈን፣ ማለቂያ የሌለው ዘፈን። አያት ቃሉን ባያውቁም ዜማውን ተቀበሉ፤ ቃል በጠፋቸው ቦታ ሁሉ የአስቤዛ ዋጋ እየሰነቀሩ ዘፈኑ። እንቁራሪቷ ወንዝ ስትሻገር እንቁላል አንድ አውቶቡስ ቀደመች። እንቁራሪቷ ስታለቅስ ጣራው ላይ ያሉት ወንበሮች ያጨበጭቡ ጀመር።

«አያችሁ» አሉ አባወራው በደስታ፣ «ሳንባው እስኪሞቅ ነበር እንጂ።»

ከእህትየው ሰፈር ዳርቻ የትራፊክ መብራት ቀይ ሆኖ አቆማቸው። በግራ በኩል ባለ ብር ቀለሟ መኪና ቆማለች። አማችየው እዚህ ድረስ የመጣው በእንቁላል እግር ነው፤ ኬኩ ሚስቱ ጉልበት ላይ ስለነበር በየጉብታው «ቀስ!»፣ በየመታጠፊያው «ክሬሙ!» እየተባለ፣ እጁ መሪ ላይ ደርቆበታል። ልጃቸው ከጎኗ የጩኸት ዘፈን ሰምታ ዞረች። እናቷ አፋቸውን እንደ ጉድ ከፍተው ይዘፍናሉ፤ ልጅዋ ከወንበሮች መሃል እጇን ታወናጭፋለች። ሳቅ አፈናት። ከዚያ ዓይኗ ወደ መስኮቱ፣ ከእርሷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ወዳለው የአባቷ ግራ ጉንጭ ሄደ። ነጭ ጢሙ ሳይላጭ ቆሟል። አፍንጫቸው ሥር፣ ምላጩ ያቆመበት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሳቋ እመንገድ ላይ ቀረ። ጠዋት ውኃ የሚወርድ ድምፅ ሰምታ እንደነበር፣ የመታጠቢያ ቤቷ መስኮትም ወዴት እንደምትከፈት አሰበች።

በሩን ከፍታ ወረደች። ባሏ ወዴት ነው ቢላት «ቀስ ብለህ ና» አለችውና ኬኩን አቅፋ፣ ወንበር ገፍታ፣ ከልጅዋ ጎን ተሰካች። ዘፈኑ ቆመ። ሞተሩ በቀዩ ሳንባው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። አባወራው ዓይናቸውን ከመብራቱ አልነቀሉም፤ ይህችን ዝምታም አዳመጧት። የጠዋቷ አልነበረችም።

«ኬኩ ተላጭቷል?» አሉ።

ልጃቸው ከኋላ እጇን ዘርግታ ግራ ጉንጫቸውን ዳሰሰች። «አንድ ጉንጩ ቀርቷል፣ አባባ» አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ክላክስ ተነፋ።

«ልጄ፣ ድምፅሽን ትንሽ ከፍ አድርጊ» አሉ እናቷ፤ «አለዚያ አንደርስም።»

ምሳው ወንበሮቹ እስኪገቡ ሳይጀመር ቆያቸው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ ወንበሮቹ የመጡት በአማችየው መኪና ነው።